ስፌቱ የሚታይ ምሳ

ሰውዬው ጠጋኝ ነው። ጠጋኝ ሲባል ግን ጉልበት ላይ እራፊ ለጥፎ «በል ሂድ» የሚል ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ብል የበላውን ሱፍ፣ ሲጋራ ያቃጠለውን ኮት፣ ሚስማር ይዞ የሸረከተውን ቀሚስ ይቀበልና፣ ከልብሱ ከራሱ የውስጥ ጠርዝ ክር መዞ፣ በቀጭን መርፌ አንዷን ከላይ አንዷን ከታች እያሳለፈ ቀዳዳውን እንደገና ይሸምነዋል። ባለቤቱ መጥቶ ልብሱን ወደ ብርሃን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ በመጨረሻም «የቱ ጋ ነበር?» ይላል። ጠጋኙ አይመልስም። ያቺ ጥያቄ ለሱ ከክፍያው ትበልጣለች። በዚሁ የተነሳ ሰፈሩ «ድብቁ» ብሎ ሰየመው፤ እናት አባቱ ባወጡለት ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ነበረች፣ እሷም ሞተች።

በሕይወት ሳለች ትቀልድበት ነበር። «እኔ ብሞት እኮ ቦታዬን በሳምንት ውስጥ ሸምነህ ‹የቱ ጋ ነበረች?› ታሰኛለህ» አለችው አንዴ፣ ሽንኩርት እየላጠች። እሱም ሳቀ። ቀልድ ነበራ! ሰው የሚቀልድበት ነገር ቆሞ የሚሰማው አይመስለውም።

ታመመች፣ ሆስፒታል ገባች፣ አልተመለሰችም። ከለቅሶው በኋላ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ቤት ውስጥ የቀሩት እሱና የሰባት ዓመቷ ልጁ ሚጣ ሆኑ። ሚጣ እንደ ሌላ ልጅ መሬት ላይ ተንከባላ አላለቀሰችም። ጎረቤቱ «ጎበዝ ልጅ ናት፣ ቻለችው» አለ። ሰው እንግዲህ የማያለቅስ ልጅ ሲያይ የቻለ ይመስለዋል። ሚጣ ግን እህል ነው የተወችው።

የልጅቷን ምሳ ዕቃ የምታዘጋጀው እናቷ ነበረች። ለጥገና የጠዋት ብርሃን የሚስተካከለው ስለሌለ ጠጋኙ ማልዶ ይወጣል፤ እዚያች ክዳን ሥር ምን እንደሚገባ አንድም ቀን ጎንበስ ብሎ አይቶ አያውቅም። አባት ተብሎ! ማታ ማታ እናትና ልጅ ስለ አይጥ፣ ስለ ጀልባ፣ ስለ ጥንቸል ሲያወሩና ሲሳሳቁ ይሰማና ተረት መስሎት ያልፈው ነበር። ስለዚህ ተራው ሲደርሰው ያደረገው ይህን ነው፦ አንድ ዳቦ ለሁለት ሰነጠቀ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ አጠገቡ አስቀመጠ፣ ከደነው፣ ሰጣት። ምሳ ዕቃው እንደሄደ ተመለሰ። በማግስቱም እንደዚያው። አንድ ቀን መምህርቷ በር ላይ ጠብቃ፣ «ልጅቷ ምሳ ሰዓት ላይ ክዳኑን ከፍታ ታይና መልሳ ትዘጋዋለች፤ ከዚያ እጇን አጣምራ ትቀመጣለች» አለችው። ጠጋኙ አመስግኗት ሄደ። ለምን እንዳመሰገናት እሱም አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ አክስት መጣች። የሟች ታላቅ እህት ናት፤ በሌላ ከተማ የምትኖር አዋላጅ፤ የራሷ ልጆች አድገው ከቤት ወጥተውላታል። እጀ ሰፊ፣ ድምፀ ወፍራም ሴት፣ ፊት አይታ የማታወራ። ሚጣን አቅፋ ሳመቻት፣ ከዚያ ሸሚዟን ገልጣ ጎድኗን ዳሰሰች። ምንም ሳትል ልጅቷን ደጅ ልካ በሩን ዘጋች።

«ስማኝ አንተ ሰው። ልጅቷ እያለቀች ነው።»

«አያለሁ እትዬ።»

«አታይም። ብታይማ እንዲህ አትቀመጥም። እህቴን ቀብሬያለሁ፤ ልጇን አልቀብርም። የሚመጣው ቅዳሜ እመለሳለሁ። እህል ከቀመሰች እሰየው። ካልቀመሰች ይዣት እሄዳለሁ፣ እዚያው እኔ ጋ ትማራለች።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ልጅ የተዋስኩት ድስት ናት እንዴ፣ ቀን ቆርጬ የምመልሳት? እስክታድግ ነዋ!»

ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። ይህን ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጠጋኙም አልተቀየማትም፤ ትክክል መሆኗ ነው አንጀቱን የቆረጠው። ሚስቱ ስትሄድ ማንም አላስፈቀደውም። ልጁ ከሄደች ደግሞ ያ ቤት ቤት አይሆንም፣ ግድግዳና ጣሪያ ነው። ማታ የሚገባበት ምክንያት አይኖረውም። ከሚጣ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ማን አለው?

ሱቁ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ናት። አጠገቡ አዝራርና ክር የሚሸጥ ጎረቤት አለው፤ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ደግ የሆነ፣ ብዙ ልጆች ያሳደገ ሰው። ጠጋኙ ጉዱን ዘርዝሮ ነገረው።

«ምን አቀረብክላት?» አለ አዝራር ሻጩ።

«ዳቦና እንቁላል።»

«እንቁላሉን ልጠህ?»

«ሳይላጥ።»

«ወይ አንተ! እስረኛ ነው እንዴ የምትቀልበው? ልጅ እኮ መጀመሪያ የምትበላው በዓይኗ ነው። የኔዎቹ ድንች ሲባሉ ያኮርፋሉ። ያንኑ ድንች የጥርስ እንጨት በጀርባው ሰክተህ ‹ጃርት መጣላችሁ› ስትላቸው ይሻሙበታል። ድንቹ ያው ድንች ነው! ለመሆኑ እናቷ ምን ነበር የምትሠራላት?»

«አይጥ አለች፣ ጀልባ አለች…»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? እሱን ሥራላት። አስመስሎ መሥራት እንደሆነ አንተን የሚያህል የለ።»

ምክሩ ምክር ይመስል ነበር። ጠጋኙም እሑድ ጠዋት ጠረጴዛውን ጠርጎ፣ ልብስ የሚቀድበትን ቡናማ ወረቀት ዘርግቶ፣ የልብስ ጠመኔውን ይዞ ልጁን ፊት ለፊቱ አስቀመጣት። ደንበኛ እንደሚያናግር ነበር የጀመረው።

«አይጧ እንዴት ያለች ነበረች?»

ሚጣ መጀመሪያ ጠመኔውን፣ ቀጥሎ አባቷን አየች። «ከእንቁላል ናት» አለች ቀስ ብላ።

«ሙሉ?»

«ግማሽ። በሆዷ የተኛች። ጆሮዋ ካሮት ነው።»

«ክብ ነው ሹል?»

«ክብ። ዓይኗ ጥቁር አዝሙድ። ጭራዋ የካሮት ልጣጭ። አንደኛው ጆሮዋ ግን ይሰነጠቃል። እማዬ ስትሰካው ሁልጊዜ ይሰነጠቅባታል፣ ከዚያ ‹ውይ ጆሮዋን አመማት› ትላለች።»

«የቱ ጆሮ ነው የሚሰነጠቀው?»

«የግራው።»

ሣለው። ስንጥቁንም አልተወም። ጥሩ ጠጋኝ የሸማኔውን ጥበብ ብቻ ሳይሆን ስሕተቱንም ነው የሚደግመው፤ ጨርቁ ሲሸመን አንድ ክር ዘልሎ ከሆነ እሱም እዚያው ላይ ይዘላል፤ አለዚያ ዓይን ይይዘዋል። ያን ቀን ሚጣ እስከ ምሳ ሰዓት ለፈለፈች። እንደ ዱባ ዝም ብላ የከረመች ልጅ! ጀልባዋ የተቦረቦረ ኪያር ናት፣ ሸራዋ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ አይብ፣ ተሳፋሪዎቹ የአተር ፍሬዎች። ጥንቸሉ ዳቦ ነው፣ አንደኛው ጆሮው የታጠፈ። ድቡ ሩዝ ነው፤ እናቷ ሩዙን በእርጥብ እጇ ጠፍጥፋ ስትሠራው ሁልጊዜ ሆዱ ይበልጥባታል። ጠጋኙ ሁሉንም ለካ፣ ሣለ፣ ልክ ወረቀት አድርጎ ቆረጠ። ልጁ ስትናገር ማየቱ ብቻ ደስ አሰኝቶት፣ ስለ ማን እንደምትናገር እንኳ ለጊዜው ረሳው።

ሰኞ ካሮቱንና አይቡን ሲሸማምት ዋለ፤ ማክሰኞ ጠዋት አይጧን ሠራት። ሚጣ ክዳኑን ከፈተች። በጣቷ የግራውን ጆሮ ስንጥቅ ነካ አደረገችው። ከዚያ ክዳኑን መለሰችና ምሳ ዕቃውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛው ሄደች። ጠጋኙ እንደዚያን ጠዋት ደስ ብሎት ሥራ ገብቶ አያውቅም።

ማታ ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። ባዶ ብቻ አይደለም፣ ተጠርጓል!

«በላሽው ሚጣዬ?»

«እህ።»

«ጣፈጠሽ?»

«እህ።»

በማግስቱ ጀልባዋ ሄደች፣ ቀጥሎ ጥንቸሉ። ምሳ ዕቃው ሁልጊዜ ባዶ። ጠጋኙ ሱቅ ሲገባ ያፏጭ ጀመር፤ አዝራር ሻጩ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አይደለም።

«በላች እንዴ?»

«ጥርግ አድርጋ!»

«ስትበላ አይተሃታል?»

«ምሳ ዕቃው ባዶ ነው እኮ።»

«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ!» አለ አዝራር ሻጩ፣ ሁለቱም እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

እራት ላይ ሚጣ አንድ ሁለት ጎርሳ «ጠገብኩ፣ ምሳ በልቻለሁ» ትላለች። እሱም አላስገደዳት። በልታለቻ! ረቡዕ ጠዋት የትምህርት ቤት ቀሚሷን ስትለብስ ወገቡ ላይ ላላባት፣ እየተንሸራተተ አስቸገራት። ጠጋኙ ወዲያው ተቀበላት፣ ገለበጠው፣ ከውስጥ ትንሽ ገባ አድርጎ ሰፋውና መለሰላት። ልክ ሆነላት። ዓርብ ጠዋት እንደገና ላላ፣ እንደገና ገባ አደረገው። ስፌቱን ከውጭ ማንም አያየውም። እሱ ራሱ ምን እንዳደረገ አላየውም፤ እጁ ነው የሠራው። ልብስ ላላ ሲሉት ያጠባል፣ ሌላ ምን ያውቃል? ስንት ዓመት ጨርቅ ሲያይ የኖረ ሰው ጨርቁ ውስጥ ያለችውን ልጅ ሳያያት ቀረ።

አክስት ቅዳሜ ብላ ዓርብ ከሰዓት ደረሰች። ልቧ አላስቀመጣትም። ጠጋኙ ገና ሻንጣዋን ሳይቀበል የምሥራቹን ነገራት፤ አይጧን፣ ድቡን፣ የተጠረገውን ምሳ ዕቃ። እሷም «ተመስገን! ተመስገን!» እያለች ተቀመጠች፣ ደረቷን ደገፍ አድርጋ ተነፈሰች። ሚጣ ከትምህርት ቤት ገብታ ቀሚሷን ቀይራ ኩሽና ውስጥ ውሃ ትጠጣ ነበር። አክስት ልጅቷ የምትተኛበትን ክፍል ልታስተካክል ገባች። ወንበሩ ላይ የተጣለውን ቀሚስ አንስታ ልታጥፍ ስትል፣ የሴት እጅ ነውና ገለበጠችው።

«አንተ ሰው» አለች ከውስጥ። «ና እስቲ።»

ገባ።

«ይሄን ማነው ያጠበበው?»

«እኔ። ላልቶባት…»

«ሁለት ጊዜ ነው የተሰፋው።»

«ሁለት ጊዜ ላላና…»

«በአንድ ሳምንት ውስጥ?» አክስት ቀሚሱን ዓይኑ ሥር አመጣችው። «ልጅ ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በልታ ቀሚስ ይላላል? ሁለት ጊዜ መርፌ ስታስገባ አንድ ጊዜ እንኳ ‹ለምን?› አላልክም?»

ጠጋኙ ቀሚሱን ተቀብሎ የራሱን ስፌት አገላበጠ። ያን ጊዜ ነው ሽታው የተሰማቸው። ደከም ያለ፣ የጎመዘዘ ሽታ። አክስት አሸተተች፣ ዞረች፣ የአልጋውን ራስጌ መሳቢያ ሳበችው።

ምሳው ሁሉ በእናትየው ሻሽ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ገለጠችው። አይጧ ጠቁራና ተጨማዳ በሆዷ ተኝታለች። ጀልባዋ ሟሙታ ሸራዋ ወድቋል። ጥንቸሉ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። ድቡ የዚያኑ ቀን ነበር፣ ገና ደህና ነው፤ ሆዱ ሰፋ ያለ። ሁሉም በመጡበት ተራ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አንዳቸውም አልተነከሱም።

«አትንኪው!» ሚጣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሮጣ መጥታ መሳቢያውን በሰውነቷ ሸፈነችው። «የእማዬ ነው! አትንኪው አክስቴ!»

«የኔ እናት፣ ይሄ እኮ አባትሽ የሠራው ነው።»

«አውቃለሁ! ግን የእማዬ ነው። ጆሮዋን እዪው፣ የእማዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልበላሽውም ልጄ?»

ሚጣ ከቀብሩ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ ያን ጊዜ አለቀሰችው። «ከበላሁት እማዬ ታልቃለች» አለች።

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። ይሄኛው የቱ እንደነበር እናንተ ፍረዱ። ጠጋኙ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አሁን ገባው። ልጁ የተራበችው እናቷን ነው፤ እሱ ደግሞ በየጠዋቱ እናቷን አስመስሎ ሠርቶ፣ ከድኖ፣ «ብዪ» ብሎ ሰጣት። ማን ልጅ እናቱን ይበላል?

አክስት አይጧን መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። የሷም ፊት ተለወጠ። «ይቺን አሠራር ለእህቴ እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ትንሽ ልጅ ሳለች እሷም እንዲህ እህል እምቢ ትል ነበር።» ሚጣን እቅፏ ውስጥ ከታ እስኪደክማት አስለቀሰቻት። ልጅቷ እንቅልፍ ሲወስዳት መሳቢያውን ራሷ ጠረገች፣ ሻሹን አጥባ አሰጣችው፤ ጠጋኙን ግን ዞራ አላየችውም።

«ነገ ጠዋት እንሄዳለን» ብቻ አለችው።

«እሺ እትዬ።»

ምን ብሎ ይከራከራል? በምን አፉ?

ሲነጋጋ ኩሽና ገባ። የመንገድ ስንቅ መሥራት አለበት፤ አውቶቡሱ ረጅም መንገድ ነው የሚሄደው፣ ልጅ ባዶ ሆድ አይላክም። ዳቦውን አወጣ፣ የጥንቸሉን ልክ ወረቀት ላዩ ላይ አስቀመጠ፣ ቢላውን አነሳ። እጁ እምቢ አለው። ይሄን ሠርቶ ሊልካት ነው? በሌላ ከተማ፣ በሌላ መሳቢያ ውስጥ እንድትደብቀው? ወረቀቶቹን ሰብስቦ ለሁለት ቀደዳቸውና ጣላቸው።

ከዚያ ግን ባዶ ዳቦ ፊት ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሌላው የሠራውን መመለስ ነው። «የራስህን ሥራ» ቢሉት ከየት እንደሚጀመር አያውቅም። ዳቦውን ሲያገላብጥ ከመሐል ተቀደደበት። የመጀመሪያ ሐሳቡ፣ ልማድ ነውና፣ ቅዳዱን መደበቅ ነበር። ወደ ታች ያዙረው፣ በአይብ ይሸፍነው። ቆም አለ። ከዚያ ካሮት ረጅም ረጅም አድርጎ ላጠ፣ ልጣጩን እንደ ክር ያዘ፣ በጥርስ እንጨት ዳቦውን ግራና ቀኝ እየበሳ ቅዳዱን ሰፋው። በትልልቅ ስፌት። ጀማሪ ተማሪ ቢሠራው በጥፊ የሚያስመታ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ የተጣመመ የመስቀለኛ ስፌት።

ቅዳዱ ከተሰፋ በኋላ ነገሩ ኮት ይመስል ጀመር። እንግዲያው ኮት ይሁን አለ። ሁለት እጅጌ ቆርጦ ሰፋለት፤ አንደኛው አጠረ። ክርኑ ላይ አይብ ለጥፎ ዙሪያውን በካሮት ጠመጠመ። ለአዝራር የአተር ፍሬ ደረደረ። ኪስ አወጣለት፣ ኪሱ ውስጥ ዘቢብ ከተተ። ሲጨርስ አየውና አፈረ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ አስቀያሚ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ከደነው።

አክስት ሻንጣውን በሩ ላይ አድርሳለች። ሚጣ ካፖርቷን ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል። ምሳ ዕቃውን ስትቀበል እንደ ልማዷ ክዳኑን ከፈተችው። ጠጋኙ አንገቱን ደፋ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮት።»

ሚጣ አዘነበለችው፣ አቃናችው። «እማዬ ኮት ሠርታ አታውቅም።»

«አታውቅም። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ስፌቱ ይታያል።»

«አዎ፣ ይታያል።»

«ያንተ ስፌት አይታይም እኮ። ለምንድን ነው የሚታየው?»

ጠጋኙ ጉልበቱን አጥፎ ቁመቷ ላይ ደረሰ። በልጁ ፊት አልቅሶ አያውቅም፤ ሲያለቅስ ደብቆ ነበር፣ እሱንም። አሁን ግን እንባው አገጩ ላይ እየወረደ እንዳለ ተናገራት።

«ተቀዶ ነበር ሚጣዬ። በጣም ነው የተቀደደው። ልደብቀው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። እናትሽ የለችም። አትመጣም። እኔም እሷን መሆን አልችልም። ይሄ የኔ ነው፣ እንዲህ ነው የምችለው።»

ልጅቷ የአባቷን ፊት እንደ አዲስ ነገር አየችው። በትንሽ መዳፏ ጉንጩን ጠረገችለት። ከዚያ ተመልሳ ምሳ ዕቃውን አየች።

«አንደኛው እጅጌ አጭር ነው» አለች።

«ተበላሸብኝ።»

«በጣም አስቀያሚ ኮት ነው።»

«አውቃለሁ።»

በአፍንጫዋ ትንሽ ነገር አመለጣት። ሳቅ ነበር፤ ከእንባ ጋር የተቀላቀለ፣ ግን ሳቅ። አጭሩን እጅጌ ከትከሻው ገንጥላ አፏ ውስጥ ከተተችው። አኘከች። ስንት ሕፃን ተቀብላ የመጀመሪያ ለቅሶ የሰማችው አክስት፣ ያን ጊዜ እጇን አፏ ላይ ጭና ልክ እንዲያ ነበር የምትጠብቀው። ሚጣ ዋጠች። ረጅሙን እጅጌም ገነጠለች። ክርኑ ላይ የነበረውን አይብ ከነካሮቱ ላጠችና ወደ ላይ ዘረጋችው፦ «እንቺ አክስቴ፣ አንቺም ብዪ። አልበላሽም እኮ።» አክስት ተቀብላ ጎረሰች፤ ስታኝክ እንባዋ እየፈሰሰ ነበር።

የበሩ ደረጃ ላይ ተቀምጣ በላች። ቸኩላ፣ እንደተራበ ልጅ፣ በሁለቱም ጉንጮቿ። ኪሱ ውስጥ ዘቢብ ስታገኝ «አለበት!» ብላ ጮኸች። አዝራሮቹን አንድ በአንድ ለቀመች። አውቶቡሱ የሚነሳበት ሰዓት እየደረሰ ነው፣ ሻንጣው በሩ ላይ ቆሟል፣ ማንም ስለ ሰዓት አላነሳም። በመጨረሻ ሚጣ የካሮቱን ክር ከምሳ ዕቃው ጥግ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ አፏ እንደሞላ ጠየቀች።

«አባዬ፣ ነገስ ምን ትሰፋልኛለህ?»

ነገ የማን እንደሆነች ጠጋኙ አያውቅማ። ሻንጣውን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ አክስት አነሳ፤ ሊለምናት እንኳ ድፍረት አልነበረውም።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለች አክስት፣ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ሻንጣውን ወደ ውስጥ እየመለሰች። «ልጅቷ ጠየቀችህ እኮ። መልስላት እንጂ!»

«ሱሪ» አላት።